አንድ ሺህ ሉመን ለስንት ደቂቃ? የኤልኢዲ የእጅ ባትሪዎች ዳሰሳ ከዛንዳም

ከኔዘርላንዷ ከተማ ከዛንዳም የቤት መሥሪያ ዕቃ መደብሮች እስከ መርካቶ ሱቆች ድረስ የእጅ ባትሪ ዛሬ የሚሸጠው በአንድ ቁጥር ነው። ካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ሉመን ነው፤ አንዱ 300፣ ሌላው 1000፣ በኢንተርኔት የሚታዘዘው ደግሞ ያለ ሐፍረት 100000። ገዢም ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ትልቁን ቁጥር ያነሣል። ለክረምት ወደ አገር ቤት የሚሄድ የዛንዳም፣ የሮተርዳም ወይም የሄግ ኢትዮጵያዊ ለገጠር ዘመዱ ባትሪ ሲገዛ የሚመራው በዚሁ ቁጥር ነው። ሉመን ግን የሚነግረን ባትሪው በአንድ ቅጽበት በሁሉም አቅጣጫ የሚረጨውን ብርሃን ድምር ብቻ ነው። ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ቀይን ቀይ አድርጎ ያሳይ አያሳይ እንደሆነ አይናገርም። የእጅ ባትሪ በሆዱ የያዘው ጉልበት ውሱን ነው፤ ዲዛይኑም ያንን ጉልበት በጊዜ፣ በርቀትና በስፋት መካከል የሚያከፋፍልበት መንገድ ነው። ስለዚህ ሁለት ባትሪዎችን በቅጡ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ማወዳደር ያለበት ክፍፍላቸውን ነው፤ ድምቀት ከክፍፍሉ አንዱ ክፍል እንጂ ሙሉው አይደለም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ደብል ኤ የምትባለው ትንሿ የአልካላይን ድንጋይ ወደ 3 ዋት-ሰዓት ጉልበት ትይዛለች። በመስተዋቱ፣ በሌንሱና በሰርኪዩቱ የሚባክነው ተቀንሶ ደህና የሚባል ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ቢያወጣ፣ ከዚያች ድንጋይ የሚገኘው በጠቅላላው 300 ሉመን-ሰዓት ነው። ይህን 300 ሉመን አድርጎ በአንድ ሰዓት መጨረስ ይቻላል፤ 30 ሉመን አድርጎ አሥር ሰዓት፣ 10 ሉመን አድርጎ ሠላሳ ሰዓት ማድረስም ይቻላል። ደመወዙ የታወቀ ቤተሰብ ወሩን እንደሚያብቃቃ ነው፤ ድምሩን ማሳደግ አይቻልም። ቻርጅ የሚደረገውና 18650 የሚባለው የሊቲየም ድንጋይ ጥሩ ከሆነ 3500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይይዛል፤ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12.6 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም ከ1200 እስከ 1300 ሉመን-ሰዓት ይሆናል። በገበያ 9900 የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ተመሳሳይ ድንጋዮች አሉ፤ በዚያ መጠን ውስጥ ያን ያህል የሚይዝ ድንጋይ ግን እስካሁን አልተሠራም። 100000 ሉመን የሚለውም በዚሁ ሒሳብ ይፈርሳል። ኤች 7 የሚባለው የመኪና የፊት መብራት አምፖል 1500 ሉመን ያህል ነው፤ በእጅ የሚያዝ ባትሪ ከስድሳ በላይ የመኪና አምፖል ሊያክል ነው ማለት ነው። ለዚያ 1000 ዋት ያስፈልገዋል፤ ይህን ያህል ኃይል ከአንድ 18650 ማውጣት ቢቻል እንኳ ድንጋዩ በ45 ሰከንድ ያልቃል።

ሐሰተኛ ቁጥርን ማጋለጥ ቀላሉ ሥራ ነው። የሚከብደው እውነት ሆኖ የሚያሳስተው ቁጥር ነው። በአሜሪካ የባትሪ አምራቾች ተስማምተው በ2009 (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤፍኤል 1 የሚባል የጋራ መለኪያ አወጡ፤ ዛሬ በኔዘርላንድ መደብሮች የሚሸጡ ስም ያላቸው ባትሪዎች ካርቶናቸው ላይ ትንንሽ ሥዕሎቹን ያትማሉ። በዚህ መለኪያ መሠረት ሉመኑ የሚለካው ባትሪው በበራ ከ30 ሰከንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። የቆይታ ሰዓቱ ደግሞ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከዚያ የመጀመሪያ ልክ ወደ አሥር በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። እንግዲህ 1000 ሉመን በርቶ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ወደ 200 የሚወርድና በ200 አምስት ሰዓት የሚቆይ ባትሪ፣ ካርቶኑ ላይ «1000 ሉመን፣ 5 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም። ገዢው ግን አምስት ሰዓት ሙሉ 1000 ሉመን እንደሚያገኝ አድርጎ ያነበዋል። መውረዱ ራሱ ተንኮል አይደለም። ኤልኢዲ ቀዝቃዛ ብርሃን ነው ቢባልም ከሚወስደው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ አሥር ዋት የሚበላ ባትሪ መዳፍ ውስጥ ሲቆይ ያቃጥላል፣ የራሱንም ዕድሜ ያሳጥራል። ስለዚህ ሰርኪዩቱ ኃይሉን ይቀንሳል። ትልልቅ ቁጥር ያላቸው ትንንሽ ባትሪዎች ሁሉ ይህን ያደርጋሉ፤ ልዩነቱ አንዳንድ አምራቾች የብርሃኑን አወራረድ በግራፍ መመሪያው ላይ ማሳየታቸው ነው። ግራፉን የሚያሳይ አምራች፣ የሚያሳየው ሥዕል ባያምርም፣ ከማያሳየው ይሻላል።

ርካሾቹ በሌላ መንገድ ይወርዳሉ። ሦስት ትንንሽ ድንጋይና ዘጠኝ ጥቃቅን ኤልኢዲ ያላቸው፣ በየሱቁ የሚንጠለጠሉት ባትሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉን የሚቆጣጠር ሰርኪዩት የላቸውም። ድንጋዩ አዲስ ሲሆን ይደምቃሉ፤ ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጀምሮ ግን ያለማቋረጥ እየደከሙ ይሄዳሉ። ተቆጣጣሪ ያለው ባትሪ ልኩን ጠብቆ ይቆይና በመጨረሻ ድንገት ይጠፋል። ባለሙያዎች ሁልጊዜ ሁለተኛውን ያወድሳሉ። ውዳሴያቸው ግን በመንገድ መካከል ያለ ሰውን ይዘነጋል፤ ገደል ዳር ላለ እግረኛ ቀስ እያለ የሚደክም ብርሃን ማስጠንቀቂያ ነው፣ ድንገት የሚጠፋው ግን አደጋ ነው። ከሁለቱ የሚሻለው ልኩን ጠብቆ ቆይቶ፣ ማለቂያው ሲቃረብ በግልጽ የሚያስታውቅ ነው።

አውሮፓ ይህን ሁሉ አይቆጣጠርም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ የሚገርም ነው። ለቤት የሚገዛ አምፖል በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሉመኑና የኃይል ፍጆታው መታወቅ አለበት፤ ከመስከረም 2021 ጀምሮም ከኤ እስከ ጂ የሚደርስ ደረጃ ተለጥፎበት ይሸጣል። ያው ደንብ ግን በድንጋይ የሚሠሩ ዕቃዎችን፣ የእጅ ባትሪንም በስም ጠቅሶ፣ ከግዴታው ውጪ አድርጓቸዋል። በዚህ የተነሣ ዛንዳም ውስጥ የአራት ዩሮ አምፖል ቁጥር በደንብ የታሰረ ሲሆን የስድሳ ዩሮ ባትሪ ቁጥር በአምራቹ ሕሊና ላይ የቆመ ነው። ሸማቹ ጨርሶ መከላከያ የለውም ማለት አይደለም። አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል ሕግ አለ፤ መቀመጫው ሄግ የሆነው የሸማቾችና የገበያ ባለሥልጣንም አስፈጻሚው ነው። በኔዘርላንድ ሕግ ደግሞ ገዢ የሚገባውን ያህል የሚያገለግል ዕቃ የማግኘት መብት አለው፤ በኢንተርኔት የገዛውን በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ መመለስ ይችላል። ይህ መብት ግን ሻጩ በአቅራቢያ ሲኖር የሚሠራውን ያህል፣ ዕቃውን ከሩቅ በፖስታ የላከ ስሙ የማይታወቅ ነጋዴ ሲሆን አይሠራም። እጅግ የተጋነኑት ቁጥሮች የሚመጡት ደግሞ ከዚያው ነው።

ድምቀት እንዲህ የሽያጭ ሁሉ መለኪያ የሆነው በቅርቡ ነው። ሹጂ ናካሙራ ኒቺያ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ያስተዋወቀው በ1993 ነበር፤ ያው ኩባንያ በሰማያዊው ላይ ቢጫ ዱቄት ቀብቶ ነጩን ለገበያ ያቀረበው በ1996 ነው። ናካሙራ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር በ2014 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በዚህ ሥራ ነው። ደማቅ ኤልኢዲን ለእጅ ባትሪ ካበቁት ቀደምት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሉሚሌድስም የሆላንዱ ፊሊፕስ እጅ ነበረበት። ከዚያ በፊት ግን ይኸው ፊሊፕስ በብርሃን ማነስ የሚታወስ ባትሪ ሠርቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አገሪቱ በጀርመን ተይዛ መስኮት ሁሉ በጥቁር መጋረጃ በሚሸፈንበት ዘመን፣ ሆላንዳውያን ክናይፕካት የሚሉትን በእጅ እየተጨመቀ በዳይናሞ የሚሠራ ባትሪ ይዘው ይወጡ ነበር። ብርሃኑ ደካማ ነው፤ እጅ ካረፈ ይጠፋል። ድንጋይ በማይገኝበትና ደማቅ መብራት በተከለከለበት ሌሊት ግን ከዚያ የተሻለ ክፍፍል አልነበረም፤ ርቀቱንና ድምቀቱን ሙሉ በሙሉ ሰውቶ ጊዜን ያለ ገደብ ሰጠ። ዛሬ በየካታሎጉ ከሚታየው የሉመን ዝርዝር ውስጥ ቢገባ የመጨረሻውን ቦታ ይይዝ ነበር።

ርቀትና ስፋት ሌላው የክፍፍሉ ገጽ ነው፤ የዲዛይን ልዩነት በግልጽ የሚታየውም እዚህ ነው። ሩቅ የሚወረወር ብርሃን የሚለካው በካንዴላ ነው፤ በኤፍኤል 1 መሠረት የባትሪው ርቀት ማለት ብርሃኑ ወደ ሩብ ሉክስ፣ ማለትም ወደ ሙሉ ጨረቃ ልክ የሚወርድበት ቦታ ነው። ቀመሩ አጭር ነው፤ የካንዴላው ስኩዌር ሩት በሁለት ይባዛል። 400 ካንዴላ 40 ሜትር፣ 1600 ካንዴላ 80 ሜትር ይሰጣል፤ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ መክፈል ግድ ነው። ሰፊና ጥልቅ መስተዋት ከትንሽ ኤልኢዲ ጋር ሲገጥም ብርሃኑን እንደ ዘንግ ያጠብበዋል። ሻካራ መስተዋት ወይም በርካታ ኤልኢዲ ሲሆን ብርሃኑ ይሰፋል፤ ሉመኑ እኩል ሆኖ ርቀቱ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ሌንሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ባለ ዙም ባትሪ ሁለቱንም እሰጣለሁ ይላል። ነገር ግን ሲጠብ ከኤልኢዲው የሚወጣው ብርሃን ብዙው የቱቦውን ግድግዳ መትቶ ይቀራል፤ የክፍሉ ግድግዳ ላይ የምትታየው ጥርት ያለች አራት ማዕዘን የምታምር ብትሆንም በብክነት የተገዛች ናት። በአገር ቤት ገበያ ይህ ዓይነት እጅግ ተወዳጅ መሆኑ በሱቅ ውስጥ ግድግዳ ላይ አብርቶ መግዛት የሚያስከትለው ነገር ነው ብዬ እገምታለሁ።

የሆላንድ የብስክሌት ሕግ በዚህ ጉዳይ ከካርቶኖቹ ሁሉ የበለጠ ብልህ ነው። ፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ኋላ ቀይ፣ ብልጭ ድርግም የማይል፣ ቀጥ ብሎ የሚያበራ ይላል፤ ይህን ያህል ሉመን ይሁን ግን አይልም። የጀርመኑ ደንብ አንድ እርምጃ ሄዶ አሥር ሜትር ላይ ቢያንስ 10 ሉክስ እንዲያርፍና ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳይወጋ ያዛል። ሁለቱም የሚጠይቁት ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ነው። በብስክሌት እጀታ ላይ የታሰረ 1000 ሉመን ክብ ባትሪ ግማሽ ብርሃኑን ለዛፍና ከፊት ለሚመጣው ሰው ዓይን ይሰጣል። በዛን ወንዝ ዳር ጉም ሲወርድ ደግሞ ብዙ ሉመን ራሱ እንቅፋት ይሆናል፤ የውሃው ጠብታዎች ብርሃኑን መልሰው ወደ ያዘው ሰው ዓይን ይረጩታል። በጉም ውስጥ የግንባር ባትሪ ከሁሉ የከፋ የሚሆነው ብርሃኑና ዓይኑ አንድ መሥመር ላይ ስለሆኑ ነው። ቢጫ ብርሃን ጉም ይሰነጥቃል የሚለው የቆየ እምነት ግን ብዙ መሠረት የለውም፤ የጉም ጠብታ ለሁሉም ቀለም በጣም ትልቅ ነው። ባትሪውን ወገብ ላይ ዝቅ አድርጎ መያዝ ቀለሙን ከመቀየር ይበልጣል።

ስለ ቀለም ካነሣን የካርቶኑ ቁጥር ጨርሶ የማያውቀው ጉዳይ አለ። አብዛኛው ርካሽ ባትሪ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ ዋት ብዙ ሉመን የሚገኘው ከዚያ ነው። የዚህ ብርሃን ድህነት ደማቁ ቀይ ላይ ነው። የግእዝ ብራና ላይ የቅዱሳን ስምና የምንባብ መጀመሪያ በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ በጧፍ ብርሃን ቀዩ ከጥቁሩ ጎልቶ የሚለየውን ያህል በርካሽ ኤልኢዲ ሥር አይለይም፣ ይደበዝዛል፣ ወደ ቡናማ ይቀርባል። አንድ ሻማ የሚሰጠው 12 ሉመን ያህል ብቻ ነው። ቀለምን አሟልቶ የሚያሳይ፣ ሞቅ ያለ ኤልኢዲ መግዛት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከሉመኑ የተወሰነ እጅ ማጣት ነው። ሌሊት ለሚያነብ ካህን፣ ቁስል ለሚያይ ጤና ረዳት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀለም ለሚለይ ሠራተኛ ይህ ትርፋማ ልውውጥ ነው። ሩቅ ማየት ለሚፈልግ የአዝመራ ጠባቂ ግን አይደለም፤ እሱ ከማማው ላይ ሆኖ የሚሻው ጅቡ ወይም ከርከሮው መኖሩን እንጂ ቀለሙን አይደለም።

በዚህ ሁሉ ላይ ሦስት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው ብዙ ሉመን ያለው ባትሪ ሲያስፈልግ ዝቅ ይላል፣ ትንሽ ያለው ግን ከፍ አይልም የሚል ነው። በጥሩ ባትሪ ላይ እውነት ነው፤ እንዲያውም የጥሩ ባትሪ ምልክቱ ዝቅተኛው ደረጃው ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ያላቸው ሦስት ሁኔታ ብቻ ነው፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ማንም የማይፈልገው ብልጭ ድርግም። ዝቅተኛው 100 ሉመን ከሆነ የተኛ ልጅ አጠገብ ለማብራት ብዙ ነው፣ ሌሊቱን ለማንጋትም ብዙ ነው። ዓይናችንም ቢሆን ድምቀትን የሚመዝነው በንጽጽር ነው፤ ሉመን እጥፍ ሲሆን ዓይን እጥፍ አያይም። ሁለተኛው ተቃውሞ ስልክ አለ የሚለው ነው። ዛንዳም ውስጥ የቆጣሪ ሣጥን ለመክፈት ስልክ ይበቃል፤ በዓመት ሁለቴ ለሚያበራ ቤተሰብ ውድ ባትሪ ግዛ ማለትም ቅንጦት ነው። ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ገበያ ድረስ ለሚሄድ ገበሬ ግን የስልክ ብርሃን ከሁሉ የሚወደደው ብርሃን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ድሃ የሚችለው ርካሹን ነው፣ ጥራት ማስገደድ ጨለማ ማስገደድ ነው ይላል። የዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው ጥናት በኢትዮጵያ ከመቶ 33 ያህሉ ቤተሰብ ከዋናው መሥመር፣ 24 ያህሉ ደግሞ ከሶላርና ከመሰል ምንጭ መብራት ያገኝ ነበር፤ የቀረው በኩራዝና በድንጋይ የሚያድር ነበር። ጭሳም የኩራዝ ብርሃን ከ10 ሉመን ብዙም ስለማይበልጥ ርካሽ ኤልኢዲም ቢሆን መሻሻል ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ይሁንና በኬንያ ገበያ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት አብዛኛው የርካሽ ባትሪ ገዢ በስድስት ወር ውስጥ ብልሽት እንደገጠመው ነው። ዕቃው ሲሰበር ገዢው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ በኤልኢዲ ላይ ያለውን እምነት ያጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥሩ ዕቃም አያምንም። በ2007 የተጀመረው ላይቲንግ አፍሪካ የተባለው የዓለም ባንክ ፕሮግራም ለሶላር መብራቶች ያወጣው መስፈርት ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው፤ ከ2000 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከመጀመሪያው 85 በመቶ እንዳያንስ፣ በማስታወቂያው የተጻፈው ቁጥርም ከተለካው በ15 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሉመን አነስተኛ ነው፣ የሚጠየቀው ግን እውነተኛ እንዲሆን ነው። የኢትዮጵያን አደይ አበባ መልክ ይዞ በ2012 የወጣው የአርቲስቱ የኦላፉር ኤሊያሰን የሶላር መብራት ሊትል ሰንም፣ ከዛንዳም ብዙ በማይርቀው ሀርለም የተመሠረተው የሶላር መብራት አምራች ዋካዋካም ራሳቸውን ያስተዋወቁት በሰዓት ነው።

የሰዓት ጥያቄ አሁን ለሆላንዳውያንም መጥቷል። መጋቢት 27 ቀን 2015 ዲመን በሚገኘው የከፍተኛ ኃይል ማከፋፈያ ብልሽት አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ የሰሜን ሆላንድና የፍሌቮላንድ ቤቶች መብራት ጠፋባቸው፤ ጠዋት ስለነበር ባትሪ ፍለጋ የወጣ አልነበረም። በ2025 መጨረሻ መንግሥት ለየቤቱ በላከው መጽሔት እያንዳንዱ ቤተሰብ ለ72 ሰዓት ራሱን እንዲችል መክሯል፤ ከሚዘጋጀው ዕቃ አንዱ ባትሪ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ በዛንዳም ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወጥታ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ከእንቅልፍ የሚተርፈው ጨለማ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሆን በሦስት ቀን 24 ሰዓት ነው። አንድን ክፍል ለመኖሪያ ያህል ለማብራት 40 ሉመን ቢበቃ የሚያስፈልገው 960 ሉመን-ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ሙሉ 18650 ወይም አራት ደብል ኤ ማለት ነው። ባትሪው 40 ሉመን የሚሆን ዝቅተኛ ደረጃ ከሌለውና በ400 ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ያው ድንጋይ በመጀመሪያው ምሽት ያልቃል።

ለሻንጣ የሚሆነው የትኛው ነው ለሚል የድንጋዩ ዓይነት ከሉመኑ ይቀድማል። ሶላር ወይም መብራት ባለበት ቤት በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚሆን፣ ድንጋዩ ግን ተፈቶ የሚወጣ ባትሪ ይመረጣል። ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ዩኤስቢ ሲን ግዴታ ያደረገው የአውሮፓ ሕግ የእጅ ባትሪን በዝርዝሩ አላካተተም፤ ስለዚህ በልዩ ሽቦ ብቻ ቻርጅ የሚደረጉ ዛሬም ይሸጣሉ፣ ሽቦው ሲጠፋም ባትሪው ያበቃለታል። የተገጠመ ድንጋይን ተጠቃሚው ራሱ መቀየር እንዲችል አምራቾችን የሚያስገድደው ሌላው ደንብ የሚጸናው ከየካቲት 2027 ነው፤ እስከዚያ የታሸገ ድንጋይ ያለውን መተው ይሻላል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ግን በየሱቁ የሚገኘውን ተራ ድንጋይ የሚቀበልና ቢያንስ አንድ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ባትሪ ከማንኛውም ባለ ሊቲየም ይበልጣል፤ 18650 ለመግዛት አዲስ አበባ ድረስ መላክ የሚጠይቅ ዕቃ ስጦታነቱ አንድ ዓመት ነው። ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ የሚይዝ መንገደኛ ከስኪፖል ሲነሣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስገባውም፤ ጫፉ እንዳይነካካ በየግሉ ተሸፍኖ በእጅ ሻንጣ መሄድ አለበት።